የደሴቱ ቅሬ ጠሪ

ሰው ሲሞት የምጣራው እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠርቻለሁ። ሟቹ እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ ሽማግሌ ይሁን አራስ፣ ሬሳው ሳይገነዝ መጀመሪያ ለእኔ ይነገረኛል። እኔም ከቤቴ በላይ ካለችው ጉብታ ላይ ወጥቼ፣ ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ «ቅሬ ስማ! እገሌ አርፏልና ውጣ!» እላለሁ። ቅሬ የምንለው የቀብር ማኅበራችንን ነው፤ ሌላው አገር እድር ይለዋል። እነሱ ጡሩንባ ያስነፋሉ አሉ። እኛ ዘንድ ጡሩንባው የእኔ ጉሮሮ ነው።

የምንኖርበትን ቦታ ደሴት እንለዋለን እንጂ አሁን ደሴት አይደለም። በልጅነቴ ዙሪያው ውሃ ነበር። ውሃው እየሸሸ ሲሄድ በምሥራቅ በኩል ባጃጅ የምታልፍበት አንገት መሬት ብቅ አለ፤ ዛሬ ከሐይቅ ከተማ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ስሙ ግን አልተነሳም፤ እኛም እንዲነሳ አልፈለግንም፤ ደሴተኛ መባል ትንሽ ያኮራል። ሰማንያ ሁለት ቤት ነን። የጸሎት ቤታችን ሁለት ነው፣ ቅሬያችን ግን አንድ። ተጠርቶ ያልወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ውሃ አይቀዳለትም፣ ሲሞትም ቅሬ አይወጣለትም። ከዚህ የከፋ ቅጣት እኔ አላውቅም።

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ጦርነቱ ገና ሳይመጣብን፣ ለውጥ ለውጥ የሚለው ወሬ ግን ማርጀት ሲጀምር፣ ከጉብታው ሥር ካለው ዋርካ ተሰብሰቡ ተባልን። ስብሰባ ጠግበን ነበር። በዚያ ላይ የኮሮና ወሬ ጆሯችንን አደንቁሮታል፤ ስልክ ስትደውል ከምትፈልገው ሰው በፊት ስለ እጅ መታጠብ የምታወራ ሴትዮ ትቀድምሃለች። የጠራችን ዋሲላ ናት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ የእቴ ሀውራ የልጅ ልጅ ናት። አፏን ሸፍና መጥታ ሁለት ሁለት እርምጃ አራርቃ አስቀመጠችን። ፊቷን ስታዞር ተጠጋጋን።

«አባቶቼ፣ አላስቸግራችሁም» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ። ሰው ከሞተ የቤቱ ሰውና ቀባሪው ይበቃል። ቅሬ አይውጣ። ለቅሶ አትቀመጡ።»

እጅ ታጠቡ ብትለን እንታጠብ ነበር። መጨባበጡንም እንተው ነበር፣ እያጉረመረምን። ቅሬ አይውጣ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

የቅሬው ዳኛ ዋለ ጉሮሮውን ጠረገ። ዋለ ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ሳይጠርግ አይናገርም። «ስሚ ልጄ» አለ፣ «እኛ ስልሳ ስድስትን ያለፍን ሰዎች ነን። ሰባ ሰባትን ያለፍን። እኔ በልጅነቴ ልብስ የሚባል አላውቅም፤ አንድ ደበሎ ነበረችኝ። ከጥጆች መሀል ነበር የምተኛው። ጠዋት ደበሎዋን አውልቄ ብተዋት በውርጩ ደርቃ ብቻዋን ትቆማለች። እንዲህ ሆኜ ያደግሁ ሰውዬ ዛሬ በጉንፋን ልሞት?»

«ይኸማ ሙቀት ነው!» አለ ሀሚዱ። ሀሚዱ ጎረቤቴና ወዳጄ ነው፤ ቤቱ ከቤቴ አርባ እርምጃ አይርቅም። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከአምባሰል ራስጌ ወርዶ እኛ ዘንድ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ቀረ። «ወላሂ እኛ አገር ላም ስትታለብ ወተቱ ቅሉ ውስጥ ሳይገባ ይረጋል። አባቴ ጧት በዱላ ነበር የሚቀሰቅሰን፣ ዱላው ያሞቀናላ!»

ተሳቀ። ሌላው ቀጠለ፣ ሌላውም። አንዱ ኅዳር ላይ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ መረብ ሲስብ ያደረ ነው። አንዱ ሦስት ወር ጓያ ብቻ በልቶ ግሸን ማርያም ድረስ በእግሩ ሄዶ የተመለሰ ነው። እኔም አልቀረሁም። «እኛ ቤትማ» አልኩ፣ «ቁንጫ እንኳ ብርዱን አልቻለችም፣ ተሰዳለች።» በዚህ ጊዜ ዋርካው ሥር የነበረ ሰው ሁሉ ሆዱን ያዘ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ያን ቀን ውሃው እግራችን ሥር ነበር።

ዋሲላ አልሳቀችም። ስቀን እስክንጨርስ ጠበቀችን።

«ያለፋችሁት እናንተ ናችሁ» አለች። «እዚህ ተቀምጦ የሚያወራ የተረፈው ብቻ ነው። ያልተረፈው የት አለ?»

 ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ ታረቀኝ፣ እማማ ሀውራ ነግራኛለች። ከስልሳ ስድስቱ በፊት፣ በተስቦው ዘመን፣ ይቺ ደሴት የተረፈችው ቅሬ ባለመውጣቱ ነው ብላኛለች። የታመመውን ሁሉ ከውሃው ማዶ ዳስ ጥለው አስቀመጡት፤ ለሞተውም የተጠራለት የለም፤ በሽታው በሁለት ወር ቆመ። ያኔ እዚህ ከነበሩት ዛሬ በሕይወት ያላችሁ እሷና እርስዎ ብቻ ናችሁ። እሷ መነሳት አትችልም። እርስዎ ይንገሯቸው።»

ሰው ሁሉ አየኝ። ዋለ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ አየኝ። አንድ ቃል ብናገር ነገሩ ያበቃ እንደነበር ያኔም አውቅ ነበር፤ ዛሬም አውቃለሁ። የቅሬ ጠሪው ራሱ «እውነት ነው፣ ያን ጊዜ ቅሬ አልወጣም» ካለ ማን ይከራከረዋል?

«እኔ ጨቅላ ነበርኩ» አልኩ። «አላስታውስም።»

ውሸቴን ነው። አስታውሳለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ወደ ማዶው ዳስ ከተወሰዱት አንዷ እናቴ ናት። አባቴ በታንኳ አሻግሯት ብቻውን ተመለሰ። ጧትና ማታ ምግብ ወስዶ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ ሳይወርድ ይመለሳል። ነፋሱ ከዚያ ወደዚህ ሲነፍስ ድምጿ ይመጣል። ስሜን ትጠራለች። «ታረቀኝ! ታረቀኝ!» «አቤት እንዳትል» አለኝ አባቴ። «ካልካት ዋኝታ ልትመጣ ትችላለች።» አላልኩም። ሦስት ቀን ጠራችኝ። በአራተኛው ቀን ዝም አለች፤ አባቴም ምግብ መውሰዱን ተወ። የተጠራላት የለም። ያለቀሰላት የለም። ሰዉ እንዲያውም እፎይ አለ፤ ከእሷ በኋላ የታመመ አልነበረምና። ስሟን የሚያነሳ ሰው እንኳ አጣሁ፤ ያፍሩ ይሆናል። ቅሬው ጠሪ ሲፈልግ እኔ እኔ ብዬ የተነሳሁት ለዚህ ነው። ይቺ ደሴት ላይ ሳይጠራለት የሚቀበር ሰው ከእንግዲህ አይኖርም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ዋሲላ ትንሽ ቆማ አየችኝ። መዋሸቴን አውቃለች። ሽማግሌ ሰውን በአደባባይ ዋሸህ የማትል፣ በሥርዓት ያደገች ልጅ ናት።

«እንግዲህ ይኸው ነው» አለ ዋለ። «ቅሬ ይወጣል።»

«አጀል ነው» አለ ሀሚዱ። «ሰው ከተቆረጠለት ቀን አያልፍም።»

እቤት ስገባ ሚስቴ ባንቺአየሁ ሰምታ ጠበቀችኝ። ወሬ ከእኔ እግር ፈጣን ነው።

«አላስታውስም አልክ አሉ» አለችኝ።

«አዎ።»

«ታረቀኝ፣ አርባ አራት ዓመት አብሬህ ተኝቻለሁ። ዛሬም በእንቅልፍህ አቤት ትላለህ።»

ከእሷ ሌላ በእንቅልፌ አቤት ማለቴን የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም ይሄን ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሐምሌ ገባ። የዚያ ዓመት ክረምት ክፉ ነበር፤ ዝናቡ ሳያባራ ሳምንት ይዘንባል፤ ብርዱም ያ የኮራንበት የልጅነት ብርድ የተመለሰ መሰለ። አንድ ጧት ዋሲላ መጥታ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ጠራችኝ። ዓይኗን ሳይ ገባኝ።

«እማማ ሀውራ ናት?»

«አዎ ጋሼ። ሦስት ቀን ትንፋሽ አጥሯት ነበር።» ለቀባሪ አረዱት ይባል የለ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሞት ስሰማ ኖሬ ያን ቀን አጥሩን ተደገፍኩ። የተስቦውን ዘመን የማውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ እንዳይጠሩ» አለች ዋሲላ። «ራሷ ተናግራለች። አደራ ብላኛለች። በእኔ የተነሳ ሰው እንዳይሰበሰብ፣ ታረቀኝ ለምን እንደሆነ ያውቃል በይው፣ አለች።»

«እሺ» ብያት ቢሆን! እሺ ማለት አቅቶኝ ነው? የሟች አደራ ነው፣ የቤቱም ሰው ፈቅዷል። ግን እኔ የታየኝ ያ ዳስ ነው። ያቺ አሮጊት እንደ እናቴ እንደ ውሻ ስትጣል ታየኝ። ለሀውራ ያዘንኩ መሰለኝ። ለራሴ ነበር ያዘንኩት።

«ልጄ፣ ይሄ የእኔና ያንቺ ነገር አይደለም፤ የቅሬው ነው» አልኳት። ወጣሁ። ጠራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮክ ብዬ ጠርቼ አላውቅም። ዋሲላ ከጉብታው ሥር ቆማ ዝናብ ይደበድባታል፤ እኔ እጣራለሁ።

ሰማንያ ሁለቱም ቤት ወጣ። ቀብሩ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም ተራ በተራ ቃሬዛውን ተሸከመ። ከቀብር መልስ ዝናቡ ስለበረታ ከድንኳኑ ሥር ትከሻ ለትከሻ ታፍገን ተቀመጥን። ሸራው ያፈሳል፤ ባፈሰሰ ቁጥር ይበልጥ ተጠጋጋን። «ሞቅ አለን» ብሎ የቀለደም ነበር። ባንቺአየሁ ከሴቶቹ ጋር ውስጥ ነበረች፤ የመጣችውን ሁሉ አንገቷን አቅፋ ታለቅሳለች። ባንቺአየሁ ከአንድ ቀብር ቀርታ አታውቅም። በቁርጥማት እግሯ አብጦ እንኳ በምርኩዝ ትሄዳለች። ሦስቱንም ቀን ተቀመጠች።

ከዐሥር ቀን በኋላ ሳሉ ጀመረ። መጀመሪያ ዋለን ያዘው። ያ ከጥጆች መሀል ተኝቶ ያደገ ሰውዬ በአምስት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን መጥረግ አቃተው። ሞተ፤ ጠራሁለት። ሰዉ እያሳለ ወጣ፤ የዳኛ ቀብር ቀርቶ ምን ሊሆን? ቀጥሎ ከሀሚዱ ቤት በስተጀርባ ያሉ አንድ ባልና ሚስት በአንድ ቀን ሄዱ። ጠራሁ። ዋሲላ ከቤት ቤት እየሄደች፣ ውጭ ቆማ፣ ስንት ሰው እንደተኛ ትጠይቃለች። የእኔን ቤትም ጠየቀች። «አንድ» አልኳት። ባንቺአየሁ ተኝታ ነበር።

ሐይቅ ጤና ጣቢያ ልውሰድሽ ብላት እምቢ አለች። ጋቢ ደርቤላት ስትንቀጠቀጥ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ዋሲላ ራቅ ይበሉ ብላኛለች፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ከእሷ እርቃለሁ እንዴ? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትንሽ ቀለል ብሏት ቀና አለች።

«ታረቀኝ፣ እኔን ስትጠራ ጮክ ብለህ ጥራ።»

«ምን ነካሽ? ትድኛለሽ።»

«ተው እንጂ። የስንቱን ቀብር ወጥቻለሁ። ለእኔም ይውጡልኝ። ብቻዬን እንዳትሸኘኝ። እንደ እናትህ እንዳታደርገኝ።»

ቃል ገባሁላት። እጇን ይዤ፣ በልጆቻችን ስም ምዬ፣ ደሴቱን ሁሉ አስወጣልሻለሁ አልኳት። ልጆቻችን ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ሳዑዲ፤ መንገድ ተዘግቶ መምጣት አይችሉም። ይሄን ስለምታውቅ እንዳልጠራቸው ለመነችኝ።

በፍልሰታ ጾም በሦስተኛው ቀን ጧት አረፈች። ዓይኗን ከደንኩላት። ምርኩዜን ይዤ ወጣሁ፣ ጉብታው ላይ ወጣሁ፣ ሁለት እጄን አፌ ላይ አደረግሁ።

ከዚያ ላይ የሁሉም ቤት ይታያል። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጢስ ከሁሉም ቤት አይወጣም፤ ግማሹ ቤት እሳት የሚያነድ ሰው የለውም። ሳል ይሰማኛል፤ ከዚህ ያስላሉ፣ ከዚያ ያስላሉ። ከሀሚዱ በር ላይ ሀሚዱ ቆሟል፤ ከኋላው የልጁ ልጆች ልብሱን ይዘው ቆመዋል፣ አራት ናቸው። ጉብታው ላይ ሰው ሲያዩ የሁሉም በር መከፈት ጀመረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ አየሁ። ሳልጠራ ሊወጡ ነው። ባንቺአየሁን ሁሉም ይወዳታል፣ የሁሉንም ሞት ወጥታለችና አንድ ሰው አይቀርም። ድንኳን ይተከላል፣ ትከሻ ለትከሻ እንቀመጣለን። እነዚያ አራት ልጆች ታዩኝ።

«ቅሬ ስማ!» አልኩ።

ሁሉም ቆመ።

«ባንቺአየሁ አርፋለች! ባንቺአየሁ የእኔ ናት፤ የማዝባትም እኔ ነኝ! እንዳትወጡ! ማንም ከበሩ እንዳይወጣ!» ድምፄ ተሰበረ፤ እንደገና ጀመርኩ። «ዋሽቻችኋለሁ! የተስቦውን ዘመን አስታውሳለሁ! እናቴን ማዶ ጥለዋት ማንም ሳይቀርባት ሞተች፤ ደሴቱ የተረፈው በዚያ ነው! ሀውራ እውነቷን ነበር! ዋሲላ እውነቷን ነው! የምትወዷት ከሆነ እንዳትወጡ! የወጣ ሰው ጠላቴ ነው!»

እንዲህ ያለ ጥሪ ከእኔ በፊት ማንም ጠርቶ አያውቅም። ተናግሬ ስጨርስ አንዱ በር ተዘጋ። ከዚያ ሌላው።

ቄሱ ራቅ ብለው ፈቱላት። መቃብሩን ሁለት ሰዎች ቆፈሩ። ቃሬዛው አራት ሰው ይፈልጋል፤ እነሱ ሁለት፣ እኔ ሦስተኛ። አራተኛውን ማዕዘን ዋሲላ መጥታ ያዘች። ሴት ልጅ፣ ያውም እስላም፣ ሬሳ ተሸክማ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ በደሴቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ናት። ማንም ተይ አላላትም፤ የሚል ሰው አልነበረም። ሚስቴ ከብዳ ነበር፤ ወይም እኛ ትንሽ ነበርን። አፈሩ ሲገባ የሚያለቅስ ሰው ስለሌለ የአካፋው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ያ ድምፅ ስንት ቀብር ላይ ነበር፤ በለቅሶው መሀል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«አብሽሩ ጋሼ» አለችኝ ዋሲላ ስንመለስ። «ሰው አድነዋል።»

«አንቺን ሰምቼ ቢሆን ግንቦት ላይ አድን ነበር» አልኳት። ራቅ ብላ እስከ ደጄ ሸኘችኝ። ሥርዓት ያላት ልጅ ናት አላልኩም?

እቤቴ ገብቼ በሩን ከፍቼ ወደ መንገዱ ዞሬ ተቀመጥኩ። ለምን እንደዞርኩ ለራሴም አልነገርኩትም። ከቀትር እስከ ማታ ከዚያ አልተነሳሁም። ማንም አልመጣም። የሀሚዱ በር ተዘግቷል። አርባ እርምጃ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ከሰፌዳችን በልቷል፤ ሲታመም ባንቺአየሁ ናት አጥሚት ያጠጣችው። ይመጣል ብዬ አሰብኩ። ቃሌን ጥሶ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አበድክ እንዴ?» እያለ ይገባል፣ እኔም ውጣ እያልኩ እገፋዋለሁ፣ ይወድቅብኛል፣ እናለቅሳለን ብዬ አሰብኩ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እንኳ ቢጮህ ይበቃኝ ነበር። መሸ። በሩን ዘጋሁ።

መስከረም ሲጠባ የሚታመም ሰው ቆመ። ዛሬ ጦርነቱ መጥቶ ከሄደ በኋላ እንኳ ሰዉ ያን ጥሪዬን ያነሳል፣ ይመርቀኛል። አርባዋ ሲወጣ ሀሚዱ መጣ። አንገቱን ደፍቶ ከደጄ ቆመ።

«ታረቀኝ ወንድሜ፣ ወላሂ እግሬ ስንቴ ተነሳ። ግን ቃልህን አከበርኩ። ልጆቹም አሉ።»

«ደግ አደረግህ» አልኩት። ደግ አድርጓል። አራቱም ልጆች ዛሬ በሕይወት አሉ፣ በየደጁ ሲሮጡ አያቸዋለሁ። ያልኩትን ነው ያደረገው፤ ሌላ ቢያደርግ ኖሮ እንደጠላቴ እቆጥረዋለሁ ብዬ ጮኼ ነበር።

ሀሚዱን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።